የሙዚቃና የዳንስ ኮንሰርቫቷር ኦፕን ዴይ፦ የቱን እንሂድ፣ የቱን እንተው?

ባለፈው አመት ከሜይ እስከ ኦክቶበር ቅዳሜዎቻችን ያለቁት በኦፕን ዴይ፣ ማለትም ትምህርት ቤቱ ለልጆችና ለወላጆች በሩን ከፍቶ በሚያስጎበኝበት ቀን፣ ከኮንሰርቫቷር ኮንሰርቫቷር ስንዞር ነው። ልጄ ሳክስፎን ትጫወታለች፣ አብሮን የሚኖረው የእህቴ ልጅ ደግሞ ከዳንስ ሌላ ወሬ የለውም፣ ሁለቱም እኩል አስራ ሰባት ሞላቸውና "የት ልግባ" የሚለው ጥያቄ በአንድ ጊዜ ቤታችን ገባ። አሁን ከቤተክርስቲያንም ከስራ ቦታም ልጅ ያላቸው ሰዎች እየደወሉ የቱ ይሻላል፣ ለንደን ብቻ ማየት ይበቃል ወይ፣ ኦንላይኑስ እንዴት ነው እያሉ ስለሚጠይቁኝ ያየሁትን አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው።

ለማያውቅ ሰው፣ ኮንሰርቫቷር ማለት እዚህ እንግሊዝ ሀገር እንደ ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ የሚሰጥ ግን ትምህርቱ ራሱ መጫወት፣ መዝፈን ወይም መደነስ የሆነ ቦታ ነው። የኤ ሌቭል (የሁለተኛ ደረጃ መጨረሻ ፈተና) ውጤት ይጠይቃሉ ግን ብዙዎቹ የሚጠይቁት ትንሽ ነው፣ ሁለት ማለፊያ የሚበቃቸውም አሉ፣ የሚወስነው ኦዲሽኑ ነው፣ አስተማሪዎቹ ፊት ተጫውቶ ወይም ደንሶ መፈተን ማለት ነው። ይሄ ለእኛ ለሀበሻ ወላጆች ግር ይላል ምክንያቱም እኛ ልጅ መጎበዙን የምናውቀው በወረቀት ነው፣ እዚህ ግን ልጅቷ ሁሉንም ኤ አምጥታ ኦዲሽን ክፍል ገብታ በደንብ ካልተጫወተች አትገባም።

ሙዚቀኛውና ዳንሰኛው በአንድ መለኪያ አይመርጡም

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቅዳሜዎች ያባከንነው ይሄን ስላላወቅን ነው። ሁለቱንም ልጆች ይዤ አንድ አይነት ነገር እያየን ዋልን፣ አዳራሹ ያምራል፣ ካፌው ጥሩ ነው፣ የምታስጎበኘን ተማሪ ደስ ትላለች፣ ማታ ቤት ገብተን ሻይ ስንጠጣ ግን ሁለቱም የጨበጡት ነገር አልነበረም።

ሙዚቃ ላይ የሚመረጠው ሰው ነው። ልጁ ከገባ በኋላ በየሳምንቱ ለብቻው ከመሳሪያው አስተማሪ ጋር ክፍል ይዘጋል፣ የሙዚቃው ዲግሪ ብዙ ቦታ አራት አመት ስለሆነ ያን ሁሉ ጊዜ አተነፋፈሱን፣ ጣቱን፣ ድምፁን የሚያርመው ያ ሰው ነው፣ ከተመረቀም በኋላ ስራ ሲገኝ "ና ተካኝ" ብሎ የሚደውልለት ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ስለዚህ ኦፕን ዴዩ ላይ መጠየቅ ያለበት ነገር ግልፅ ነው፣ የልጄን መሳሪያ ማነው የሚያስተምረው፣ በሳምንት ስንት ሰአት ለብቻዋ ትማራለች፣ አስተማሪ መጠየቅ ትችላለች ወይስ ይመደብላታል፣ ካልተስማሙስ መቀየር ይቻላል ወይ፣ በዛ መሳሪያ አሁን ስንት ተማሪ አለ። የመጨረሻዋ ጥያቄ ትንሽ ትመስላለች ግን ትልቅ ናት፣ ሳክስፎን የሚጫወት ብዙ ተማሪ ካለ ቢግ ባንዱ ውስጥ ወንበር ለማግኘት ወረፋ ነው፣ በጣም ጥቂት ከሆኑ ደግሞ አብሯት የሚያድግ ሰው ያንሳታል።

ሁለተኛው የልምምድ ክፍሎቹ ናቸው። ጉብኝቱ ላይ ትልቁን ኮንሰርት አዳራሽ ነው በኩራት የሚያሳዩት፣ ልጁ ግን አዳራሹ ላይ የሚቆመው በአመት ጥቂት ቀን ነው፣ የሚኖረው ልምምድ ክፍል ውስጥ ነው። ስለዚህ ኮሪደሩን አሳዩን በሉ፣ ስንት ሰአት ይከፈታል ስንት ሰአት ይዘጋል፣ ቡኪንግ ነው ወይስ ቀድሞ የደረሰ ነው የሚይዘው፣ ቅዳሜና እሁድስ። ይሄንን ለአስተማሪዎቹ አትጠይቁ፣ የሚያስጎበኛችሁን ተማሪ ነው መጠየቅ፣ ተማሪ እውነቱን ነው የሚነግራችሁ፣ አንዷ ለልጄ "ጠዋት ከሁለት ሰአት በፊት ካልመጣሽ እስከ ማታ ክፍል አታገኚም" አለቻት፣ ይሄን የትኛውም ብሮሹር ላይ አታገኙትም። (ሁለት ሰአት ያልኩት በሀበሻ አቆጣጠር ነው፣ በነሱ ስምንት።)

ዳንስ ላይ ግን እንደዛ ለብቻ የሚያዝ አስተማሪ የለም፣ ሁሉም ነገር ክላስ ነው። በየጠዋቱ ቴክኒክ ክላስ አለ፣ ኮንቴምፖራሪ (ዘመናዊ ዳንስ)፣ ባሌት፣ ከዛ ኮሪዮግራፊ (ዳንስ መፍጠር)፣ ማታ ሪኸርሳል፣ ሰውነት ነው መሳሪያው። ስለዚህ ለዳንሰኛ ልጅ የሚታየው ወለሉ ነው፣ የምሬን ነው፣ ጥሩ ስቱዲዮ ወለል ስትዘልበት ትንሽ ዝቅ ብሎ ጉልበትህን የሚያሳርፍ ነው፣ በኮንክሪት ላይ የተነጠፈ ፕላስቲክ ላይ ሶስት አመት የዘለለ ልጅ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት አይተርፈውም። ከዛ አንድ ክላስ ውስጥ ስንት ልጅ እንደሚገባ፣ ክላሱ ላይ በቀጥታ የሚጫወት ሙዚቀኛ አለ ወይስ በስፒከር ነው፣ ሲጎዱ ፊዚዮቴራፒ እዛው ያገኛሉ ወይስ ጂፒ (የሰፈር ሀኪም) ጋ ሂዱ ነው የሚባሉት። የእህቴ ልጅ ይሄን የመጨረሻውን መጠየቅ አፍሮ እኔ ጠየቅኩለት፣ በኋላ ራሱ በየቦታው መጠየቅ ጀመረ። ደግሞ ዳንስ ላይ ከንግግርም ከጉብኝትም የሙከራ ክላሱ ይበልጣል፣ ስለዚህ ሁለት ኦፕን ዴይ አንድ ቀን ከገጠመባችሁ ልጁ ገብቶ የሚደንስበትን ምረጡ። የሚለጠጥ ልብስ ይያዝ፣ ኮንቴምፖራሪ በባዶ እግር ነው፣ ውሀና ፎጣም አትርሱ።

እስክስታ ሲጨፍር ያደገ ልጅ "ይሄ ይቆጠርልኛል?" ብሎ ይፈራል፣ የኛም ፈርቶ ነበር። መልሱን አንድ አስተማሪ በደንብ ነገረችው፣ ትከሻውን ለብቻ፣ ደረቱን ለብቻ ማንቀሳቀስ መቻሉ ብዙ ልጆች አመት የሚፈጅባቸው ስራ ነው፣ የሚጎድለው ግን ወለል ላይ መውደቅና መነሳት ነውና እሱን ከአሁኑ ይጀምር አለችው። ሳታካብድም ሳታንቋሽሽም፣ እንደዚህ አይነት መልስ የሚሰጥ ቤት ደስ ይለኛል።

ሁለቱም በአንድ ስም፦ ትሪኒቲ ላባን

ለንደን ውስጥ ሙዚቃና ዳንስ አንድ ላይ ያለው ትሪኒቲ ላባን ነው፣ ደቡብ ምስራቁ ላይ። በ1872 የተቋቋመው ትሪኒቲ ኮሌጅ ኦፍ ሚውዚክና ላባን የሚባለው የዳንስ ትምህርት ቤት በ2005 ተዋህደው ነው የተፈጠረው። ብዙ ሰው አንድ ግቢ ይመስለዋል ግን አይደለም፣ ሙዚቃው ግሪኒች ወንዙ ዳር ድሮ የባህር ሀይል ኮሌጅ የነበረው ግቢ ውስጥ ኪንግ ቻርልስ ኮርት የሚባለው አሮጌ የድንጋይ ህንጻ ላይ ነው፣ ዳንሱ ደግሞ ዴፕትፎርድ ነው፣ በእግር የሚደረስ ግን ሌላ ሰፈር። ስለዚህ ሁለት ልጅ ይዞ ለሚሄድ ቀኑን መከፋፈል ያስፈልጋል፣ እኛ ልጄን ግሪኒች ከአባቷ ጋ አድርገን እኔና የእህቴ ልጅ ዴፕትፎርድ ሄድን።

የላባን ህንጻ ከሩቅ ሲታይ ግልፅ ፕላስቲክ የመሰለ፣ ሀምራዊና አረንጓዴ ቀለም የሚፈነጥቅ ነው፣ ሄርዞግ እና ደ ሜሮን የሚባሉት የስዊዝ አርክቴክቶች የሰሩት፣ በ2003 የእንግሊዝን ትልቁን የአርክቴክቸር ሽልማት ስተርሊንግ ፕራይዝ ያገኘ። ስትገቡ ጥቁር የኮንክሪት ጠመዝማዛ ደረጃ አለ፣ ኮሪደሮቹ ዘቅዘቅ ያሉ መንገድ ይመስላሉ፣ ከስቱዲዮዎቹ ብርሀን ይገባል፣ ለዳንሰኛ ተብሎ የተሰራ ቤት መሆኑ ያስታውቃል። እዛ ዳንስ ሳይንስም በማስተርስ ደረጃ ያስተምራሉ፣ ጉዳትና ጥንካሬ እንዴት እንደሚሰራ የሚያጠኑ ሰዎች በግቢው ውስጥ አሉ ማለት ነው፣ ስለ ጉልበት ለሚያስብ ወላጅ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ልጄ ግሪኒች ስትደርስ መጀመሪያ የነገረቻቸው የሙላቱ አስታጥቄን ስም ነው። ሙላቱ ዌልስ ውስጥ ከተማረ በኋላ ለንደን ትሪኒቲ ኮሌጅ ነው ሙዚቃ የተማረው፣ ከዛ ነው አሜሪካ በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ የሄደው። ያኔ ትሪኒቲ ማሪልቦን ነበር፣ ግሪኒች የመጣው በ2001 ነው፣ ስለዚህ እሱ የረገጠው ህንጻ አይደለም፣ ግን ያው ቤት ነው፣ ለአያቷ በስልክ ስንነግራቸው "ታዲያ ምን ትፈልጋላችሁ" አሉ። እኚሁ አያት ናቸው መጀመሪያ ላይ "ልጅቷን አዝማሪ ልታደርጊያት ነው" ብለው ሁለት ሳምንት ያላናገሩኝ።

በግልፅ ልናገር፣ ሙዚቃና ዳንስ አንድ ስም ስር መሆኑ ብቻውን ምክንያት አይሁናችሁ። ሙዚቀኛውና ዳንሰኛው አብረው የሚሰሩት ፕሮጀክት አለ ወይ፣ ለሁሉም ነው ወይስ ለፈለገ ብቻ፣ በስንተኛ አመት፣ ይሄን ጠይቁ። ለዳንስ ሙዚቃ መድረስ የሚፈልግ ልጅ ከሆነ ጥቅሙ ትልቅ ነው። ኦርኬስትራ ውስጥ ቫዮሊን መጫወት ብቻ ለሚፈልግ ልጅ ግን ብዙም ለውጥ የለውም።

ሌሎቹስ

ሮያል አካዳሚ ኦፍ ሚውዚክ፣ 1822፣ በሀገሩ አንጋፋው ነው፣ ማሪልቦን ሮድ ላይ። ሮያል ኮሌጅ ኦፍ ሚውዚክ ደግሞ ሳውዝ ኬንሲንግተን ከሮያል አልበርት ሆል ፊት ለፊት፣ 1882። ሁለቱም የዳንስ ዲግሪ የላቸውም፣ ሙዚቃ ላይ ያተኮሩ ናቸው፣ ለክላሲካል ልጅ ሁለቱንም ማየት ተገቢ ነው። ጃዝ ለምትጫወት ልጅ ግን ከመነሳታችሁ በፊት ኮርሱ መኖሩን እዩ፣ አካዳሚው ጃዝ አለው፣ ሮያል ኮሌጅ የጃዝ ዲግሪ የለውም፣ እኛ ይሄን ባናይ አንድ ቅዳሜ ይሄድብን ነበር።

ጊልድሆል ባርቢካን ነው፣ ሙዚቃ፣ ድራማና የመድረክ ስራ አለው፣ ጃዝም አለው፣ ዳንስ ግን የለም። ማመልከቻውን በዩካስ (ለብዙ ትምህርት ቤት በአንድ ቦታ የሚመለከትበት ድረ ገጽ) አይቀበልም፣ በቀጥታ ለራሱ ነው፣ ፎርሙንና ቀኑን ለብቻ መከታተል ያስፈልጋል።

ከለንደን ውጪ ያሉትን ብዙ ሀበሻ ይዘላቸዋል፣ ይሄ ያሳዝነኛል ምክንያቱም የቤት ኪራዩ ልዩነት ብቻ እንኳን ልጁ ማታ ሬስቶራንት እየሰራ እንዲማር ወይም እንዲለማመድ ይወስናል። በርሚንግሀም በ2017 አዲስ ህንጻ ገብቷል፣ የራሱ ጃዝ ክለብ ግቢው ውስጥ አለ፣ ልጄ በጣም የወደደችው ሁለተኛው ቦታ እሱ ነበር። ሊድስ ደግሞ ለሁለት ልጅ ይመቻል፣ ሊድስ ኮንሰርቫቷር በጃዝና በፖፕ የታወቀ ነው፣ ዲግሪውም ሶስት አመት ነው፣ እዛው ከተማ ቻፕልታውን ውስጥ ድሮ ምኩራብ የነበረ ህንጻ ላይ ኖርዘርን ስኩል ኦፍ ኮንቴምፖራሪ ዳንስ አለ፣ ቀናቸው ከገጠመ በአንድ ባቡር ትኬት ሁለቱን ታያላችሁ። ለንደን ውስጥ ለዳንሰኛ ሌላው ዘ ፕሌስ ነው፣ ዩስተን አጠገብ፣ ከላባን ጋር አንድ ሳምንት ውስጥ ብታዩዋቸው ልዩነቱ በደንብ ይገባችኋል።

ግላስጎው ያለው ሮያል ኮንሰርቫቷር ኦፍ ስኮትላንድ ሩቅ ነው ግን ሙዚቃ፣ ድራማ፣ ባሌት፣ ፊልም ሁሉም አንድ ላይ ነው ያለው፣ የስኮትላንድን የባህል ሙዚቃ ራሱን የቻለ ዲግሪ አድርገው ያስተምራሉ። ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንት እንደሚያስተምረው ማለት ነው፣ አንድ ልጅ በአያቱ ዜማ ዲግሪ ሲይዝ ማየት ደስ ይላል። እኛ ግላስጎውን ያየነው በኦንላይን ብቻ ነው።

ትልቁ ቀን፣ የአንድ ለአንድ ትምህርት፣ ወይስ ኦንላይን?

ትልቁ ኦፕን ዴይ ልጁ ገና ምን እንደሚፈልግ ላላወቀ ነው። ሁሉም አለ፣ ንግግር፣ ጉብኝት፣ የተማሪ ኮንሰርት፣ የገንዘብ ጥያቄ የሚመልስ ሰው። ችግሩ ሰው ይበዛል፣ የመሳሪያው አስተማሪ ላይኖር ይችላል፣ ቢኖርም አምስት ደቂቃ ነው የምታገኙት።

ቀድሞ ለወሰነ ሙዚቀኛ ከሁሉም የሚበልጠው የሙከራ ትምህርት ነው፣ አስተማሪውን በኢሜይል ጠይቆ አንድ ሰአት ከሱ ጋ መጫወት። አንዳንዱ ያስከፍላል፣ አንዳንዱ በነጻ ያደርገዋል። ልጄ ከሁለት አስተማሪዎች ጋር ሞክራለች፣ የመጀመሪያው በጣም ታዋቂ ሰው ነው፣ ሰአቱን ግን ስለራሱ ሲያወራ ነው የጨረሰው፣ ሁለተኛው አፍዋ ላይ የሪዱን (ሳክስፎኑ አፍ ላይ የምትገባውን ቀጭን ሸምበቆ) አያያዝ አይቶ አንዲት ነገር አስተካከለላትና ባቡር ላይ እስክንገባ ፊቷ ሲያበራ ነበር። እኔ ሙዚቃ አላውቅም፣ ግን የልጄን ፊት አውቃለሁ። ኢሜይሉን ልጁ ራሱ ይጻፈው፣ ወላጅ የጻፈው ያስታውቃል።

ኦንላይኑ ለማጣሪያ ጥሩ ነው፣ ስድስት ቦታ በአካል መሄድ ለማይችል ቤተሰብ፣ ወይም አዲስ አበባና ዱባይ ሆኖ ለሚያስብ ልጅ። ውጪ ሀገር ላለ ተማሪ ኦዲሽን በቪዲዮ የሚቀበሉ አሉ፣ ክፍያው ግን ከሀገሬው ተማሪ በብዙ እጥፍ ስለሚለይ መጀመሪያ እሱን እዩ። ኦንላይን ላይ የማይታየው ወለሉና ኮሪደሩ ነው።

በነጻ የሚገኝ ሌላ መንገድም አለ፣ ማንም ብዙ አይናገረውም፣ የተማሪዎች ኮንሰርትና የዳንስ ትርኢት ለህዝብ ክፍት ነው፣ ምሳ ሰአት ላይ በነጻ የሚደረጉ አሉ። ኦፕን ዴይ ላይ ምርጦቹን ነው የሚያስጫውቱት፣ ተራ ማክሰኞ ላይ ብትሄዱ ግን የመካከለኛውን ተማሪ ደረጃ ታያላችሁ፣ ልጃችሁ የት ላይ እንዳለ የሚገባችሁ ያኔ ነው።

ልጃችሁ ገና አስራ ሁለት አስራ ሶስት ከሆነ የዲግሪውን ኦፕን ዴይ ተዉት፣ የቅዳሜ ጁኒየር ክፍሎቹን ኦፕን ዴይ ሂዱ። ለዳንስ ደግሞ ሴንተር ፎር አድቫንስድ ትሬኒንግ የሚባል አለ፣ ላባንም ዘ ፕሌስም ውስጥ፣ መንግስት በቤተሰብ ገቢ ልክ ይረዳል፣ እኛ ዘግይተን ነው የሰማነው።

ቀኑና ገንዘቡ

እዚህ ጋ እኛ ተጎድተናል። አንድ ትምህርት ቤት ኦፕን ዴዩን ኦክቶበር ውስጥ አደረገና እኛ ደስ ብሎን ተመዘገብን፣ ለካ የሙዚቃ ማመልከቻ በዩካስ የሚዘጋው ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ነው፣ ኦፕን ዴዩ ከዛ በኋላ ሆኖ ተገኘ። ማንም አላስጠነቀቀንም። ስለዚህ ሙዚቃ ከሆነ ሜይና ጁን ላይ ያሉትን ያዙ፣ የኦክቶበሩን አትጠብቁ። ዳንስ ማመልከቻው እስከ ጃንዋሪ ስለሚቆይ የኦክቶበሩ ይደርስላችኋል። በዩካስ እስከ ስድስት ምርጫ ይቻላል ግን ብዙ ቦታ ለየኦዲሽኑ ክፍያ አለ፣ ገቢያቸው ዝቅ ላለ ቤተሰብ የሚቀንሱ ወይም የሚተዉ ስላሉ ሳታፍሩ ጠይቁ፣ የትራንስፖርት ድጋፍም እንደዛው።

እንግሊዝ ውስጥ ክፍያው በ2025/26 ለሀገሬው ተማሪ 9,535 ፓውንድ ነው፣ ስቱደንት ሎን ይሸፍነዋል፣ ግን አራት አመት መሆኑን አስቡ። ስታተስ (የመኖሪያ ፈቃድ) ላይ ያላችሁ ጥያቄ ካለ የፋይናንሱን ሰው ለብቻ አናግሩ፣ አዳራሽ ውስጥ እጅ አውጥታችሁ አይደለም። የስደተኛነት እውቅና ያገኘ ልጅ ሌሎቹ የሚጠየቁትን የሶስት አመት ነዋሪነት ሳይጠብቅ ሎን ሊያገኝ ይችላል፣ ይሄን ባለማወቅ አንድ አመት ቤት የተቀመጠ ልጅ አውቃለሁ፣ በጣም ነው ያዘንኩት።

ሲመለሱ ባቡር ላይ አንድ ነገር እናደርግ ነበር፣ ማንም ስለ ቦታው ሳያወራ ልጆቹ ስልካቸው ላይ የሚያስታውሱትን ሶስት ነገር ይጽፋሉ፣ ከዛ ነው ወሬ የሚጀመረው። እኔ ቀድሜ ካወራሁ የኔን ሀሳብ ነው የሚይዙት። ከላባን ስንመለስ የእህቴ ልጅ የጻፈው "ወለሉ፣ ፒያኖ የሚጫወተው ሰውዬ፣ ማንም አላየኝም" የሚል ነው፣ ማንም አላየኝም ማለት ምንድነው ስለው "አክስቴ፣ ሁሉም የራሱን ይሰራ ነበር፣ ተዝናንቼ ደነስኩ" አለኝ። ልጄ ከግሪኒች የጻፈችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ የአስተማሪው ስም።